በልቼ የሮጥኩት፣ ሳልበላ የሮጥኩት

እናቴ ከቤቷ ሰው ሳይበላ ሲወጣ ማየት አትችልም ነበር። የደብሩ አለቃም ይሁን ለማኝ፣ እጁን ሳያስታጥቡት ደጃፏን ከተሻገረ ቀኑን ሙሉ ይከነክናታል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር የምንጣላው ሁልጊዜ በዚሁ ነበር፤ እሷ ቁጭ በል ትለኛለች፣ እኔ እቆማለሁ።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ፣ በሬሳ ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበር። እንደሱ ቀድሼ እንድኖር ዳዊት አስደግሞኝ፣ ድቁና አስቀብሎኝ ብዙ ደክሞብኛል። ማኅሌቱ ረዘም ሲል ግን እግሬ የሌላ ሰው ይመስል ራሱን ችሎ ይንቀጠቀጣል። መቋሚያ ተደግፌ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስገላበጥ አባቴ ከመቅደስ በዓይኑ ይቆጣኛል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲሰናበት ከሁሉ ቀድሜ ወጥቼ እስከ ወንዙ እሮጥ ነበር። ለምን እንደምሮጥ ራሴም አላውቅም ነበር። አባቴ ሲሞት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የሚቆጣኝ ዓይን ሲጠፋ ደግሞ ይብሱን መቆሚያ አጣሁ። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቀን እርሻ ውዬ ማታ ሜዳው ላይ እዞራለሁ።

ዘመኑ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ወጥቶ አንኮበር ቀዝቀዝ ያለችበት፣ ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀን ግን ገና ያልመጣበት ነው። አንኮበር ላይ የቀሩትን ትላልቅ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚመሩት ሴቶቹ ነበሩ፤ ወንዶቹ ዘመቻ ናቸው። ከነዚህ እመቤቶች አንዷ ሴት ልጇን ለደብረ ብርሃን ሰው ድራ ነበር፤ ልጅቱም ከመንደራችን ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። እናትና ልጅ መልእክት ሳይለዋወጡ ሳምንት አያልፍም። እህል ሲታጨድ፣ በግ ሲሸለት፣ ሰው ሲታመም ቃል ይዞ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። በደብረ ብርሃን በኩል ያለው መልእክተኛ ከጌታው ጋር ሲዘምት ቦታው ባዶ ቀረ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት የልጅቱ ቤት አዛዥ እየተጣደፈ መንደራችን መጣ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሊወርዱ የተዘጋጁ አጋሰሶች ነበሩ። ከደብረ ብርሃን የሚሄደው እህል ገና ስላልደረሰ እንዳይነሱ ዛሬውኑ ለነጂዎቹ ይነገር ሲል፣ ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። መንገዱን ከአባቴ ጋር ለንግሥ ሄጄ አውቀዋለሁ።

እናቴ ከውስጥ ሰምታ ብቅ አለች። "ይሄዳል። ሳይበላ ግን አይሄድም።"

አዛዡ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከቄስ ሚስት ጋር በምግብ ጉዳይ የሚከራከር ሰው በመንደራችን አልነበረም። እንጀራ በአተር ክክ ወጥ፣ ከዚያ እርጎ፣ ከዚያ አንድ ዋንጫ ጠላ አቀረበችልኝ። ልነሳ ስል "በሞቴ" ብላ አጎረሰችኝ፤ ቀጥላ "በአባትህ አጥንት" ብላ ደገመችኝ። ስነሳ መቀነቴን ላላ አድርጌ ነው የታጠቅሁት።

በሬሳን ስሻገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ከኋላዬ ነው፣ የሚያቆመኝ የለም። ጥቂት እንደሄድኩ ግን እርጎው ሆዴ ውስጥ እንደ ቅል ውሃ ይንቦጫቦጭ ጀመር። ከዚያ የቀኝ ጎኔን ወጋኝ። ቀዝቀዝ አደርገዋለሁ ብዬ ከምንጭ ውሃ ብጠጣ ጭራሽ ባሰብኝ። መጀመሪያ የተገኘው ዳገት ላይ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ተንበርክኬ የእናቴን ምግብ በሙሉ አስመለስኩት። ከዚያ በኋላ የሄድኩት እየተራመድኩ፣ አንዳንዴም ቁጭ እያልኩ ነው። አንኮበር ስደርስ ፀሐይ ጠልቃለች፤ አጋሰሶቹም ከወረዱ ቆይተዋል።

የእመቤቲቱ አዛዥ ቆጣ ብሎ ወደ እሷ አስገባኝ። እመቤቲቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብሴ ላይ የቀረውን እድፍ አይታ ነገሩ ገባት መሰለኝ።

"ምን በልተህ ነው የወጣኸው?" አለችኝ።

ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ሳትስቅ ለመቆየት ሞከረችና አቃታት።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ሰርግ ነው። ሰርግ በልቶ ማን ይሮጣል?"

አላባረረችኝም። በአንኮበር በኩል ያለውን ነባር መልእክተኛ ጠርታ ለሱ ሰጠችኝ። "ይኼን ልጅ አስተምረው። እግር አለው፤ ሆዱን ግን አልገራውም" አለችው።

ሰውየው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ፊቱ በነፋስ የተቃጠለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ያለ ሰው ነበር። ጋሼ እለው ነበር። የሱ ሥርዓት አንድ ብቻ ነው፦ ሯጭ በባዶ ሆዱ ይሮጣል። ከማታ ጀምሮ አይበላም፤ የሚበላው ሲደርስ ነው። በመንገድ ላይ ውሃ እንኳ አፉን ያርስበታል እንጂ አይጠጣም።

"በሬ ሲያርስ አይበላም" አለኝ። "ሲፈታ ነው የሚበላው።"

በሬ ግን ማታ እስኪጠግብ እንደሚበላ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ሥርዓቱ ደስ አለኝ፤ የእናቴ ተቃራኒ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። የሚቀጥለው መልእክት ሲመጣ ማታ ራቴን ትቼ አደርኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎህ ሳይቀድ ከአንኮበር ተነሳሁ፤ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣሁት። ሆዴ ባዶ፣ እግሬ ቀላል፣ "ይኸው!" አልኩ። አፋፉ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ዘወር ስል የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ታየኝ፤ መጮህ ሁሉ አሰኝቶኝ ነበር።

ከዚያ ሜዳው መጣ። ያ የደጋ ሜዳ ዳገት የለውም፤ ግን አያልቅም። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን ጠበቅ አደረግሁ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ቀጥሎ የያዝኩት ቃል ጠፋኝ። ስለ በጎቹ ነበር? ስለ ገብሱ? ቆሜ ለማስታወስ ስሞክር ሳይታወቀኝ መንገዱ መሃል ተቀመጥኩ። ዓይኔ ብዥ አለ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሄድ እየፈለግሁ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ያነሳኝ ከአልዩ አምባ ጨው ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ጺሙ በሂና የቀላ ሽማግሌ ነው። አህዮቹን አቁሞ ከላዬ ጎንበስ አለ።

"አንተ ልጅ፣ በሽተኛ ነህ ወይስ ረኃብተኛ?"

"ሯጭ ነኝ" አልኩት። እንዲህ ያለ ሞኝ መልስ መስጠቴን ሳስብ ዛሬም ያስቀኛል።

"ሯጭ ተቀምጦ አየሁ፣ ወላሂ!" ብሎ ከኮርቻው ከረጢት አወረደ። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ተምር ነበር። ሦስት ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "በአምላክህ ስም ብለህ ብላ። ሥጋ አይደለም፣ አትፍራ። አንዷን አላምጥ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ ውሃ። አትጣደፍ።"

እያላመጥኩ ሳለ የዓይኔ ብዥታ ቀስ እያለ ተገፈፈ። ስለ በጎቹ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ሌላ ተምር ልለምን እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ከረጢቱን ቋጠረው።

"ቆይ፤ ሆድህ ይቀበለው። እኛ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ጾመን ስናፈጥር መጀመሪያ የምንቀምሰው ተምርና ውሃ ነው፤ ማዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከማታ ምን በልተሃል?"

"ምንም።"

"ምንም? እኛ ቀን ሳንበላ ስለምንውል ሌሊት ተነስተን ስሑር እንበላለን። አንተ ቀንም አትበላ፣ ሌሊትም አትበላ፤ እግርህን ምን ያንቀሳቅሰዋል?"

እስከ በሬሳ ድረስ ከአህዮቹ ጋር እኩል እየተራመድኩ ሄድኩ። አህያ ሲሄድ እኔ መሮጥ ያምረኛል፤ ሽማግሌው ግን ፈገግ እያለ በጅራፉ እጀታ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። ስንለያይ ለመመለሻ ብሎ ጥቂት ተምር ጨመረልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት በሆዴ ላይ ስሞክር ነው ያሳለፍኳቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ባቄላ ንፍሮ ጠግቤ በላሁና በማግሥቱ ሆዴ ተነፍቶ መንገዱን በሙሉ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ስል ዋልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ማር ብቻ ልሼ ወጣሁ፤ ዳገቱን በረርኩበት፣ ሜዳው ላይ ግን እንደ ጧፍ ተቃጥዬ አለቅሁ። ወተት ጠዋት አይሆነኝም። በርበሬ ያለበት ወጥ ከወጣሁ በኋላ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ያቃጥለኛል። ጠላ ጥም የሚቆርጥ ይመስላል፤ ቆይቶ ግን እግርን ያስራል።

የሚሆነኝን ያገኘሁት ቀስ በቀስ ነው። ማታ፣ ገና ሳይመሽ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም የገብስ ቂጣ እስክጠግብ እበላለሁ። በማግሥቱ የምሮጠው በሱ ነው። ጠዋት ስነሳ በውሃ የተበጠበጠ በሶ ትንሽ እጠጣለሁ፤ ከዚያም ቶሎ አልነሳም፤ ጫማ የለኝ የማጠልቀው፣ ጭነት የለኝ የማስረው፣ ዝም ብሎ በረንዳ ላይ መቆየት ነበረብኝ። ከሩጫው ሁሉ ይህ ይከብደኝ ነበር። አዛዡ "ምን ትጠብቃለህ?" ሲለኝ "ሆዴን" እለዋለሁ። ሜዳው መሃል ላይ ቆሎ ቆርጥሜ ውሃ እጎነጫለሁ። ስደርስ ደግሞ ላቤ እስኪደርቅ ውሃ ብቻ፤ ከዚያ ቁርጥራጭ ዳቦ፤ ዋናው ምግብ ከቆየ በኋላ።

ጋሼ ይስቅብኝ ነበር። "አንተ የምትሮጠው ልትበላ ነው ወይስ መልእክት ልታደርስ?" ይለኛል። እሱ በባዶ ሆዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ምንም አይሆንም። ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ "የኔ ሆድ ሃያ ዓመት ለምዷል፤ ያንተ ገና ሙሽራ ነው" ብሎ ተወኝ። እኔም እሱን ማሳመን ተውኩ።

ከጋሼ ጋር ሰላም ስናወርድ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ።

የገና ሰሞን ነው፤ ጾሙ ተፈትቷል። ከአንኮበር መጥቼ ቃሌን አድርሼ፣ መልሱን እስኪሰጡኝ ድረስ እናቴ ቤት ጎራ አልኩ። ዶሮ አሳርዳ ጠበቀችኝ። መሶቡን አቅርባ፣ ውሃና መታጠቢያ ይዛ ቆመች። ወዲያው የልጅቱ ቤት አሽከር ከደጅ ተጣራ፤ መልሱ ዛሬውኑ ይድረስ ተብሏል።

"እማዬ፣ አሁን አልበላም" አልኳት።

"ምን አልክ?"

"ከበላሁ ዳገቱ ላይ እወድቃለሁ። ስመለስ እበላዋለሁ።"

"ዶሮ አሳርጄልህ? በእግዚአብሔር ቀን? ሁለት ጉርሻ እንኳ?"

"ሁለት ጉርሻሽ ሁለት ሆኖ አያውቅም።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። "የእመቤቲቱ ቤት ምግብ ሲሆን ይወርዳል፣ የእናትህ ሲሆን ይጥላል" አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"እሱ አይደለም—"

"ሂድ። ይጠሩሃል።"

ሮጥኩ። በዚያ ቀን ሆዴ ምንም አላመመኝም፤ ደረቴ ላይ ግን የሆነ ነገር ተቀምጦ እስከ አንኮበር አብሮኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ እንደምትጮህብኝ፣ እንደምትቆጣኝ አስቤ ገባሁ። አልተቆጣችም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ምግብ ግን አልቀረበልኝም። ጎረቤት ገብቶ በላ፣ ለማኝ መጥቶ በላ፤ እኔ ልውጣ ብዬ ስነሳ እናቴ ዞራ ጥጧን መፍተል ቀጠለች። ዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ሳልፍ ቤት ገብቼ መቀመጥ ይበልጥ አቃተኝ፤ ገብቼ እስማትና ምክንያት ፈጥሬ እወጣለሁ። ማታ ስተኛ የምገላበጠው የነገውን መንገድ እያሰብኩ አልነበረም።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም መሮጥ ሌላ ፈተና ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው "መንገደኛ ነህ፣ ስትደክም ትቀምሳለህ" አሉኝ፤ "ግን እስክትደክም አትቅመስ" ብለው ጨመሩ። መድከም የሚጀምረው የት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም የቄስ ልጅ ነኝና እፈራለሁ። እስከ ቻልኩት ማታ ጠግቤ፣ ጠዋት ሳልቀምስ እሮጥ ነበር።

በጾሙ እኩሌታ ላይ፣ አንድ ማታ ልጅቱን ምጥ ያዛት። የበኩር ልጇ ነበር። እኔ በዚያው ቀን ከአንኮበር መጥቼ እዚያው ግቢ አድሬ ነበር። ሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ማርያም ማርያም ሲሉ አደሩ፤ እናቴም መካከላቸው ነበረች። እኔ አጥሩን ስዞር አነጋሁ። የቀረበልኝን ራትም በጭንቀት ሳልነካው ቀርቻለሁ። ፀሐይ ወጥታ ከፍ ስትል አዋላጇ ብቅ አለች።

"ልጅቱ ፈርታለች" አለች። "እናቴን ጥሩልኝ ብቻ ነው የምትለው። ፈርታ እጇን ስትጨብጥ ምጡ ይቆምባታል። እናቷ ይምጡ።"

አዛዡ ወደ እኔ ዞረ። መናገርም አላስፈለገውም፤ መቀነቴን እያጠበቅሁ ነበር። የግቢውን በር ሳልወጣ ከኋላዬ "ቁም!" የሚል ሰማሁ። እናቴ ናት። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል፤ በአንድ እጇ ቅል፣ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ይዛለች።

"ራትህን እንዳልበላህ አይቻለሁ" አለችኝ። ነጠላዋን ፈታች፤ በማርና በውሃ የታሸ የበሶ ጭብጦ ነበር። ከሱ ትንሽ ቆርሳ ሰጠችኝ። "ብላ።"

"እማዬ፣ ጾም ነው እኮ። ገና ጠዋት ነው።"

"የቄስ ሚስት ሆኜ ሽበት አብቅያለሁ፤ ጾም መሆኑን አንተ አትነግረኝም። እዚያ ውስጥ ያለችውን ሰምተሃታል። መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ይደርስላታል? ከንስሐ አባትህ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ብላ።"

በላሁ። ማሩ ምላሴ ላይ ሲሟሟ ምን ያህል እንደራበኝ ታወቀኝ። ሳላስበው ሌላ ልቆርስ እጄን ዘረጋሁ።

"በቃ!" አለችና እጄን መታችኝ። "አሁን አይበዛም፤ ትሮጣለህ። ይኼን ቋጥረህ ሜዳው መሃል ስትደርስ ግማሹን ትበላለህ። ውሃውን በጉንጭ በጉንጭ።"

ቆሜ አየኋት። በዕድሜዋ ምግብ ይዛ "በቃ" ስትል ሰምቻት አላውቅም።

"ማን ነገረሽ?"

"ጋሼ የምትለው ሰውየህ ነዋ። በጥር እዚህ መጥቶ ሳለ ጠርቼ ጠየቅሁት። የልጄ ሆድ ምን ሆኖ ነው ቤቴን የጠላው ብለው፣ ቤትሽን አልጠላም፣ ሆዱ እንደ አራስ ልጅ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚፈልገው አለኝ።" ፊቷን ወደ ቤቱ መለሰች፤ ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። "ለምን አንተ እንዲህ ብለህ አልነገርከኝም? ሂድ አሁን።"

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን በልኩ ነው የሮጥኩት። መፍጠን እያማረኝ እየያዝኩት፣ ጩኸቷ በጆሮዬ እየመጣ፣ እግሬን በግድ እየገራሁ። ሜዳው መሃል ስደርስ ሳልቀመጥ፣ እየተራመድኩ ግማሹን ጭብጦ በላሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ጉልበት ነበረኝ። ቁልቁለቱን በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ ወረድኩ።

እመቤቲቱ ቤት አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቅዳሴ ገብቷል፤ በጾም ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጬ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩ። እህል ቀምሻለሁና ወደ ውስጥ ለመዝለቅ አልደፈርኩም። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ሲገቡ አይቼ ለመንኳቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ በምርኩዛቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ያቺ የጠበቅኋት ጊዜ ከመንገዱ ሁሉ ረዘመችብኝ። በመጨረሻ እመቤቲቱ በሴቶች በኩል ወጣች።

"ልጅዎ ምጥ ላይ ናት፣ እሜቴ" አልኳት። "ከትናንት ማታ ጀምሮ። በሕይወት አለች። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች።"

ሌላ ነገር አልጠየቀችም። "በቅሎዬን!" አለች።

ጋሼ እዚያው ግቢ አገኘኝ፤ ውሃ ሰጠኝ፣ ቆይቶም ቂጣ። አብሬ እመለሳለሁ ስለው "አትችልም" አላለኝም፤ "በእግርህ ከበቅሎዋ አትቅደም" ብቻ አለኝ። ዳገቱን ከበቅሎዋ ጎን እየተራመድኩ ወጣሁ። እመቤቲቱ ጾሙን ሳትፈታ ነበር የተነሳችው፤ ሰዓቱ ካለፈም በኋላ አሽከሮቿ ስንቅ ሲያቀርቡላት በእጇ ትመልሳለች። ሜዳው ላይ ስንደርስ ከበቅሎዋ ላይ ዘንበል ስትል አየሁ። እጇ ልጓሙ ላይ ይንቀጠቀጣል። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ።

የቀረውን የእናቴን ጭብጦ ከወገቤ ፈትቼ አቀረብኩላት። "እሜቴ፣ ትንሽ ናት። ማር አላት። ሳይወርዱ ይቅመሱ።"

ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር። ዝቅ ብላ አየችውና ወሰደችው። በዝግታ፣ ወደ ፊት እያየች፣ እንባዋ እየወረደ በላች። አሽከሮቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ስለመሸብን መንገድ ላይ ካለች መንደር አድረን በማግሥቱ ጠዋት ደረስን። ልጅቱ ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ተገላግላ ነበር፤ ሴት ልጅ። "እናትሽ ተነስተዋል፣ እየመጡ ነው" እያሉ ሲያጽናኗት ቆይተው እጇን ስትፈታ ምጡም ተመለሰላት አሉን። እመቤቲቱ ከበቅሎዋ ወርዳ ሮጠች፤ እሷ ስትሮጥ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከውስጥ እልልታው እንደ አዲስ ተነሳ።

እናቴ ከደጅ በቁሟ ግድግዳ ተደግፋ አንቀላፍታ አገኘኋት። ቀሰቀስኳት። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ እግሬን ነው ያየችው፤ ከዚያ "ደረስክ?" አለች። ደረስኩ አልኳት። አዛዡ ደስታውን ለባልየው ዘመዶች አድርስ ብሎ ሲጠራኝ እናቴ ገፋ አድርጋ ሰደደችኝ።

ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ ያለችውን አልረሳችም። በዚያው ሳምንት ሄዳ፣ ጾም ያስፈታሁት እኔ ነኝ፣ ቀኖናውን ለኔ ስጡኝ ብላ ተከራከረች። እሳቸውም ሲያስቡ ቆይተው ስግደቱን ለሁለታችን አካፈሉን። በማግሥቱ ጠዋት በደብሩ ቅጽር ውስጥ ጎን ለጎን ሰገድን። እኔ የኔን በጥድፊያ ጨረስኩ። እሷ ጉልበቷን እየያዘች፣ እያንዳንዱን ግንባሯ መሬት እስኪነካ ድረስ ትሰግዳለች። ላግዝሽ፣ የቀረውን እኔ ልስገድልሽ ብላት፣ ትንፋሿ እየቆራረጠ "የኔ ነው፣ ተወኝ" አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት።